አልፈታ ያለው ዳዶ
የግራይንደር ዲስክና የመጋዝ ምላጭ አስተሳሰርና አፈታት

ግራይንደር በእጁ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። የቆየው ዲስክ አልቋል፣ አዲሱ አጠገቡ ተቀምጧል፣ ሥራው ግማሽ ላይ ቆሟል፤ ዳዶው ግን አልፈታ ብሏል። ባለ ሁለት ጥፍሩ ቁልፍ ይንሸራተታል። የመቆለፊያው ፒን ቀጭ ቀጭ እያለ ያመልጣል። ከዚያ መዶሻ ይመጣል። መዶሻ ከመጣ በኋላ ነገሩ የሚያበቃው ወይ በተሰበረ ማርሽ፣ ወይ በተላጠ ጣት፣ ወይ ደግሞ የዕቃውን አገር በመርገም ነው።

ዕቃው ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋት የለበትም። ዳዶው እንዲህ የጠበቀው ሰውየው ሲያስረው ጉልበት ስላበዛ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ በሥራ ላይ እያለ እያጠበቀው ስለሄደ ነው። ይህም ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር ነው። ይህችን አንድ ነገር የተረዳ ሰው ከግራይንደር ጀምሮ እስከ ትልቁ የጠረጴዛ መጋዝ ድረስ የትኛው ዳዶ በየት በኩል እንደሚፈታ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል።

ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በውጭ አገር ከሚኖረው ሀበሻ ውስጥ በእጁ ሥራ የሚያድረው ጥቂት አይደለም። የሰው ቤት ምድር ቤት የሚያድስ፣ ሴራሚክ የሚያነጥፍ፣ በገልፍ አገሮች በብረታ ብረት ወርክሾፕ የሚውል አለ። የራሱን ቤት ገዝቶ ለጠጋኝ የሚከፈለውን ዋጋ ሲሰማ ደንግጦ መሣሪያ የገዛም አለ። አብዛኛው ሰው መሣሪያውን የተማረው ከጓደኛ እያየ ነው። ጓደኛው የሚያሳየው ደግሞ እንዴት እንደሚቆረጥ እንጂ ዲስኩ እንዴት እንደሚታሰርና እንደሚፈታ አይደለም።

ዘንጉ ወዲያ፣ ዲስኩ ወዲህ

ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ዓይነት ፈጣን ግራይንደር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ ያወጣው ፍሌክስ በሚል ስም የሚታወቀው የጀርመን ኩባንያ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ጀርመኖች ግራይንደርን «ፍሌክስ» ብለው ይጠሩታል፤ በግራይንደር መቁረጥንም ከዚሁ ስም ግስ አውጥተውለታል። አስተሳሰሩ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ከማርሽ ቤቱ ሥር ፊሌቶ ያለው ዘንግ ይወጣል። ዘንጉ ላይ መጀመሪያ ወፍራም ሮንዴላ ይገባል፣ ቀጥሎ ዲስኩ፣ ከላይ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ያለው ክብ ዳዶ።

አሁን ግራይንደሩን ገልብጦ ዳዶውን ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው፣ ሞተሩ ሲነሳ ዘንጉ የሚዞረው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ዲስኩ ብረቱን ሲነካ ብረቱ ይይዘዋል፣ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ዘንጉ ወዲያ ሲል ዲስኩ ወዲህ ይላል ማለት ነው። ዲስኩ ወደ ኋላ ሲቀር ዳዶውን አብሮ ይጎትታል፤ ያ የሚጎተትበት አቅጣጫ ደግሞ ልክ ዳዶው የሚጠብቅበት ነው። በእያንዳንዱ ቁርጥ ትንሽ ትንሽ እየጠበቀ ይሄዳል። ዲስኩ ብረት ውስጥ ተቀርቅሮ አንዴ ቀጥ ካለማ በአንድ ጊዜ እንደ ብየዳ ይጣበቃል።

ነገሩ በተቃራኒው ቢሠራ ኖሮ ዳዶው በሥራ መካከል እየላላ ሄዶ ዲስኩ ተፈትቶ ይበር ነበር። አልፈታ ብሎ የሚያናድደው ዳዶ እንግዲህ ያው ቀኑን ሙሉ ዲስኩን ከሰውየው ፊት ያራቀው ዳዶ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፤ ዳዶ ወይም ብሎን የሚፈታው ምላጩ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፣ የሚጠብቀው በተቃራኒው። ግራይንደር ላይ ይሠራል፣ መጋዝ ላይም ይሠራል።

መጋዝ ላይ ሰውን ግራ የሚያጋባው ደግሞ ይኸው ነው። በልምድ ሁሉም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል ተብሎ ይታመናል። በእጅ የሚገፋው ክብ መጋዝ ምላጩ በቀኝ በኩል ከሆነ እውነት ነው፤ በግራ በኩል ከሆነ ግን ፊሌቶው ግራ ዙር ነውና የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው እፈታለሁ ብሎ ሲያጠብቅ ይውላል። በአሜሪካ ምሥራቁ አብዛኛውን ጊዜ ምላጩ በቀኝ ያለውን ቀላሉን መጋዝ ሲይዝ፣ ምዕራቡ ደግሞ ምላጩ በግራ ያለውን ረጅሙንና ከባዱን መጋዝ ይመርጣል። ከዋሽንግተን ወደ ሎስ አንጀለስ ወይም ሲያትል ተዛውሮ የአናጢ ሥራ የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ቀን ላይ ብሎኑ ቢያስቸግረው አይደነቅም።

ይህ ከባድ መጋዝ ስኪል በሚባለው ስም የታወቀው ነው። የሠራው ኤድመንድ ሚሼል የተባለ ሰው ሲሆን፣ በሉዊዚያና የሸንኮራ አገዳ ቆራጮችን ቆንጨራ አይቶ ሐሳቡ እንደመጣለት ይነገራል። ኩባንያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ዘንጉ ክብ ሳይሆን እንደ አልማዝ ቅርጽ ባለ አራት ማዕዘን ስለሆነ፣ የምላጩም ቀዳዳ እንደዚያው መሆን አለበት። በአሜሪካ የሚሸጠው ባለ 7¼ ኢንች ምላጭ መካከሉ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ምልክት ተቆርጦበት የሚታየው ለዚህ ነው፤ ለዚህ መጋዝ የሚፈልገው ሰው ያንን ቁራጭ መትቶ ያወጣዋል፣ የማይፈልገው ይተወዋል።

የማዕዘን መቁረጫው፣ ማይተር ሶው የሚባለው፣ ብሎኑ ብዙውን ጊዜ ግራ ዙር ነው። ሁለት ድንጋይ ያለው የጠረጴዛ ግራይንደር ደግሞ ሁለቱንም ይዟል፤ በቀኝ ያለው ዳዶ እንደ ተለመደው ይፈታል፣ በግራ ያለው በተቃራኒው። ግን ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። መሣሪያው አካል ላይ የመዞሪያው አቅጣጫ በቀስት ተመልክቷል፣ የመጋዙም ጥርስ ወዴት እንደሚያይ ይታያል። ቀስቱን ተከትሎ መፍታት ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ በቅጽበት የሚያቆም ፍሬን ያላቸው አዳዲስ ግራይንደሮች አንድ የተለየ ነገር አላቸው። ዘንጉ በድንገት ሲቆም ዲስኩ መዞሩን ሊቀጥል ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ዳዶውን ወደሚፈታበት ይገፋዋል። ስለዚህ ሥሩ የሚገባው ሮንዴላ ይህን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ግራይንደር ሮንዴላ ከጠፋ ከሌላ አውልቆ መተካት አይገባም።

መዶሻው ከመምጣቱ በፊት

ዳዶው አልፈታ ያለ ዕለት የመጀመሪያው ነገር ሶኬቱን መንቀል ነው። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን ማውጣት። ማስነሻውን ማጥፋት አይበቃም። ብዙ ግራይንደሮች ማስነሻቸው ወደ ፊት ተገፍቶ ተቆልፎ የሚቀር ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ሶኬቱ ተመልሶ ሲሰካ ሳይነኩት ይነሳል። ቁልፉ ዳዶው ላይ እያለ፣ እጅ ዲስኩ ላይ እያለ ቢነሳ ምን እንደሚሆን መዘርዘር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ማቀዝቀዝ ነው፤ ሲቆርጥ የዋለ ዳዶ ያቃጥላል። ከዚያ የመቆለፊያውን ፒን ተጭኖ ዲስኩን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር፣ ፒኑ ጉድጓዱ ውስጥ ጠልቆ እስኪገባ ድረስ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ፒኑ በጫፉ ብቻ ይዞ እያለ በኃይል ከተጠመዘዘ ጫፉ ይላጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያ ግራይንደር በትክክል አይቆለፍም። መሣሪያው እየዞረ ፒኑን መጫንማ ፈጽሞ የማይደረግ ነው። «በፍጥነቱ ራሱ ይፈታዋል» የሚሉ አዋቂ ነን ባዮች አይጠፉም፤ የሚፈታው ግን የማርሽ ቤቱ ነው።

ግራይንደሩ ዳዶው ወደ ላይ እንዲሆን ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ባለ ሁለት ጥፍሩ ቁልፍ ቀዳዳዎቹ ውስጥ በደንብ ይገባል፣ ከዚያ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ። ረጅም ጊዜ ከመሳብ ይልቅ የቁልፉን ጫፍ በመዳፍ አጠር አድርጎ መምታት ይሻላል። በአንዳንድ ግራይንደር ላይ ከዲስኩ ሥር ያለው ሮንዴላ ጎንና ጎኑ የተላገ ስለሆነ በሌላ ቁልፍ መያዝ ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ከተገኘ ፒኑን ማሰቃየት አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ አልሆን ካለ፣ ቀጭኑ የብረት መቁረጫ ዲስክ ራሱ መሥዋዕት ይሆናል። መነጽርና ጓንት አድርጎ ዲስኩን በፒንሳ ከዳር ጀምሮ እየፈረካከሱ መምጣት ነው። በዳዶውና በሮንዴላው መካከል የተጨመቀው ቁራጭ ተፈርፍሮ ሲወጣ ግፊቱ ይለቃል፣ ዳዶውም ብዙ ጊዜ በእጅ ይፈታል። አካሉ ብረት የሆነው የሴራሚክና የኮንክሪት ዲስክ ግን አይፈረካከስም፤ ለእርሱ ዘይት ጠብ አድርጎ መጠበቅና የዳዶውን ዙሪያ በጅራቶቦ መያዝ ነው። ዳዶው ቢቧጨር ርካሽ ነው፣ ይተካል። በፑንታና በመዶሻ ቀዳዳውን መምታት ግን ጉዳቱ የሚያርፈው ውስጥ ባለችው ቀጭን ፒንና በአሉሚኒየሙ ቤት ላይ ነው፤ እርሱን ከመተካት አዲስ መግዛት ይቀላል።

መከላከያው ደግሞ ሲታሰር ነው። ዳዶው በእጅ እስከ መጨረሻው ይጠበቃል፣ በቁልፉ ጥቂት ይጨመርለታል፣ በቃ። የቀረውን ሥራው ራሱ ያጠብቀዋል። ዳዶው ሁለት ፊት እንዳለውም ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱ ለጥ ያለ፣ ሌላው መካከሉ ከፍ ያለ። ወፍራም የመሞረጃ ዲስክ ሲሆን ከፍ ያለው ወደ ዲስኩ ዞሮ ቀዳዳው ውስጥ ይቀመጣል። ቀጭን የመቁረጫ ዲስክ ሲሆን ግን ለጥ ያለው ፊት ነው ወደ ዲስኩ የሚዞረው። ከተገለበጠ ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ዲስኩን አይጨብጠውም።

የጠረጴዛ ግራይንደር ድንጋይ ከመታሰሩ በፊት ድምፁ ይሰማል። እናቶች ገበያ ላይ እንስራ ወይም ጀበና ሲገዙ መታ መታ አድርገው የሚሰሙት ዓይነት ነው። ድንጋዩን በጣት አንጠልጥሎ በካቻቢቴ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ እጀታ ቀስ አድርጎ መምታት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተሰንጥቋል፣ ይጣላል። በጎንና በጎኑ የተለጠፈውም ወረቀት ለጌጥ አይደለም፣ የሮንዴላውን ጫና እኩል የሚያከፋፍል ነውና አይላጥም።

ቁጠባ የሚጎዳበት ቦታ

ሀበሻ ዕቃ አይጥልም፤ ይህ መልካም ጠባይ ነው። ዲስክ ላይ ግን ያስከፍላል። ከትልቁ ባለ 230 ሚሊ ሜትር ግራይንደር ላይ ተበልቶ ያነሰውን ዲስክ «ለትንሹ ይሆናል» ብሎ ማሰር የተለመደ ነው። ወይም ከለላውን አውልቆ ትንሹ ላይ ሰፊ ዲስክ መግጠም።

አብዛኛው ተራ የመቁረጫ ዲስክ የተሠራው ዳርቻው በሰከንድ እስከ 80 ሜትር እንዲሮጥ ነው፤ ይህም በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ነው። ባለ 115 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ እዚያ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው በደቂቃ 13,300 ያህል ጊዜ ሲዞር ነው። ባለ 230 ግን በ6,600 ያህል ይደርስበታል። አሁን ባለ 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ በሚዞር ትንሽ ግራይንደር ላይ ይታሰር እንበል። ዳርቻው በሰዓት ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል ማለት ነው። የሚበታትነው ኃይል የሚያድገው ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ እጥፍ እጥፍ ስለሆነ፣ ዲስኩ ከተፈቀደለት ከ1.6 ጊዜ በላይ ይጎተታል። ከለላው ወልቋል፤ ዲስኩ የሚበታተንበት አቅጣጫ ላይ ደግሞ የሚቆመው ሠራተኛው ነው። ተበልቶ ያነሰውም ዲስክ ቢሆን ለትንሹ ግራይንደር ፍጥነት አልተሠራም፤ አምራቾቹ በግልጽ ይከለክላሉ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የእንጨት መጋዝ ምላጭ ግራይንደር ላይ ማሰር ነው። ቀዳዳው ስለሚገባ ብቻ የሚገጥም ይመስላል። ጥርሱ እንጨቱን ሲነክስ ግራይንደሩ ከእጅ ያመልጣል፣ የሚመለሰውም ወደ ያዘው ሰው ነው። የግራይንደር አምራቾች መመሪያ ውስጥ በጥርስ መጋዝ ላይ የተጻፈው ክልከላ የሚነበብ ቢሆን ኖሮ ስንት ጭንና ስንት አንገት በተረፈ!

አዲስ ዲስክ ከታሰረ በኋላ ጎን ለጎን ቆሞ፣ ምንም ሳይነካ፣ ለአንድ ደቂቃ በሙሉ ፍጥነት ማስዞር ደንብ ነው። የሚሰበር ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይሰበራል። በአውሮፓ የሚሸጠው ዲስክ ደግሞ መካከሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የሚያበቃበት ወርና ዓመት ታትሞበታል፤ በሙጫ የተጣበቀው ዲስክ ከተሠራ እስከ 3 ዓመት ነው የሚቆየው። እርጥበት የሚገባው ጋራዥ ውስጥ የከረመ ዲስክ ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል።

ያለ ቁልፍ የሚታሰሩት

ከቁልፍ ለመገላገል የተደረገው ጥረት ብዙ ነው። በጣት ብቻ የሚፈታ እጀታ ያለው ዳዶ ከወጣ ቆይቷል፤ ጥሩ ነው፣ ለቀጭን ዲስክ በተለይ። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ2019 ኤክስ ሎክ የተባለውን አወጣ፤ ዳዶም ፊሌቶም የለውም፣ ዲስኩ ተጭኖ ቀጭ ይላል፣ ሲፈለግ ደግሞ መቀርቀሪያ ስቦ መጣል ነው። ለእርሱ የተሠራው ጠፍጣፋ ዲስክ ተራ ግራይንደር ላይ ይታሰራል፤ ተራው ዲስክ ግን ኤክስ ሎክ ላይ አይገባም። ርካሽ ዲስክ በካርቶን የሚገዛ ሰው ይህን አስቦ ይግዛ።

ጂግ ሶው የተባለው ቀጭን መጋዝ ታሪኩ ደስ ይላል። በስዊዘርላንድ ሲንቲላ በተባለ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አልበርት ካውፍማን የልብስ ስፌት መኪና መርፌ አውልቆ በቦታው የመጋዝ ምላጭ አሰረ፤ መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1947 ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ አብዛኛው ምላጭ ጭራው የቲ ፊደል ቅርጽ አለው፣ ያለ ካቻቢቴ ይገባል። ሚልዋኪ እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ሶዞል ምላጩ በብሎን ይታሰር ነበር፤ አሁን አንገቱን ጠምዝዞ መልቀቅ ነው። ምላጩ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ አንገቱን ከፍቶ አፉን ወደ መሬት አድርጎ ማራገፍ ያወጣዋል። በባዶ እጅ መንካት ግን አይቻልም፤ ብረት ሲቆርጥ የነበረ ምላጭ ጣት ይጠብሳል።

አገር ቤት ለሚላክ ዕቃ

ወንድም ወይም የአጎት ልጅ የብየዳ ቤት ከፍቷል፤ «ግራይንደር ላክልኝ» ብሏል። ከአሜሪካ የሚላከው ግራይንደር ሁለት ችግር ይዞ ይሄዳል። አንደኛው የታወቀው ነው፤ በ120 ቮልት የሚሠራው መሣሪያ አገር ቤት 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያስበውም። የአሜሪካው ዘንግ ውፍረቱ ⅝ ኢንች ነው፣ ወደ 16 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ። የአውሮፓው ዘንግ ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ነው። በእስያ ገበያ የሚገኘው ባለ 100 ሚሊ ሜትሩ ትንሹ ግራይንደር 10 ሚሊ ሜትር ዘንግ አለው፣ የዲስኩም ቀዳዳ 16 ነው።

የዲስኩ ቀዳዳ በአሜሪካም በአውሮፓም ለባለ 115ቱና ለባለ 125ቱ 22.23 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዲስክ አይቸግርም። ዳዶው ግን ይለያያል። የ14 ሚሊ ሜትሩ ዳዶ የአሜሪካው ዘንግ ላይ ጨርሶ አይገባም፣ ይህ ቢያንስ ራሱን ይናገራል። አደገኛው ተቃራኒው ነው፤ የአሜሪካው ዳዶ የ14 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ ላይ ልል ብሎ ይገባል፣ ፊሌቶውን በጫፉ ነካ አድርጎ የያዘ ይመስላል። የያዘው ግን ምንም ነው። በዚያ ላይ ተቀጣጥሎ የሚዞር ዲስክ ማንም አጠገቡ መቆም የለበትም። ዘንጉ ላይ በቀጥታ የሚጠመዘዘው የሽቦ ብሩሽም እንዲሁ ነው፤ ከአሜሪካ የተላከ ብሩሽ ለአውሮፓው ዘንግ አይሆንም።

ስለዚህ ከአሜሪካ ግራይንደር የሚልክ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ትርፍ ዳዶ፣ አንድ ትርፍ ሮንዴላና ባለ ሁለት ጥፍሩን ቁልፍ ይጨምር። ዋጋቸው ትንሽ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ቶሎ የሚጠፉትም እነርሱ ናቸው፤ ሲጠፉ ደግሞ በምትካቸው ተራ ዳዶ ይታሰራል። ከአውሮፓ የሚልከው ሰው ሥራው ይቀላል፤ ቮልቱም ዘንጉም ይስማማል። ከለላውን ግን ሁለቱም ለየብቻው ጠቅልለው በሻንጣ ውስጥ ይላኩት፣ «ቦታ ይይዛል» ተብሎ የሚቀረው ሁልጊዜ እርሱ ነውና።